ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ

ቤር ሸባ፣ ነሐሴ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ከሦስተኛው ፎቅ የእኔ ክፍል ብቻ ነው መብራት ያለበት።
ማመልከቻው ስድስት ሲል ይዘጋል፤
በሩ የኮምፒውተር ነው፣ የማን ደጅ ይጠናል?

ሠላሳ አራት ገጽ። «ፈጠራንና ሥራ ፈጣሪነትን
በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ለመገንባት የሚሰጥ ድጋፍ» —
ርዕሱ ብቻውን ከመስመር የሚተርፍ።
ዶክተር ኑሪት ነገ ልጇን ትድራለች፤ «ጨርሽው» ብላኝ ሄደች፣
የይለፍ ቃሏን በቢጫ ወረቀት ለጥፋ ተወች።
ስንት ሸቀል ለጠረጴዛ፣ ስንት ለማተሚያ፣ ስንት ለመምህር፣
ስንት ለ«ልዩ ልዩ» —
የሒሳብ ሹሙ የኤፍራይም ዓይን እዚያች ላይ ነው የሚያድር።

ጥያቄ አንድ፦ «ችግሩ ምንድን ነው?» ይህን ከተማው ያውቀዋል።
በየመስኮቱ የተሰቀለው ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ያንጠባጥባል፣
ያላፊውን አንገት ያርሳል፣ አስፋልቱ ይጠጣዋል፤
ሁለት ክንድ አለፍ ብሎ የቆመው ዛፍ በጥም ይሞታል።

ሳልማ የራሃቷ፣ ዲቪር የዲሞና፣
የሚሠሩበት ክፍል የላቸውም ገና፤
በቱቦና በጀሪካን ጠብታውን ያጠምዳሉ፣
ደረጃ ሥር፣ ከመጥረጊያው ጎን ነው የሚውሉ።
የምንጠይቀው ይኸው ነው፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍ፣
ሲሳሳቱ የማይቆጣ ሰው፣ ከእኩለ ሌሊት የሚያልፍ
መብራት።

ጥያቄ አራት፦ «ተጠቃሚው ማን ነው?»
ዲቪር «ዛፉ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኑሪት ናት የሰረዘችው።

ጥያቄ ስድስት፦ «ባይሳካስ?» ሁለት መቶ ቃል ይፈልጋል።
«እንደገና» ብዬ ባለፍሁት፤ አንድ ቃል ይበቃኛል።
ደንብ ነውና ግን ሞላሁት፤ ስጋት፣ ማቃለያ፣ ክትትል፣
የተራበ ሰው ሽሮ እንደሚያቀጥን፣ ውሃ በውሃ ላይ ስጥል።

ጥያቄ ዘጠኝ፦ «የአመልካቾች የፈጠራ ልምድ ከመቼ ይጀምራል?»
እጄ ከቁልፎቹ ላይ ተነሥቶ ይቀራል።

አባቴ አቡሃይ፣ ወገራ ላይ ወናፍ ነፊ፣
ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ማጭድ ሞራጅ፣ ብረት አጣፊ።
ቀን ማረሻ ይዞ «አበጅልኝ» ያለ ገበሬ
ማታ የልጁን ፊት ይሸፍናል፣ ሰምቶ የሰፈር ወሬ።
«ጅብ ሆኖ ያድራል» ይሉታል። እርሱ ብረት ሲያግል ያድራል።
አንድ ፊደል ናት ልዩነቷ፤ ጠቢብ ካሉት ይከበራል፣
ጠይብ ያሉት እንደሆነ ከማኅበር ይባረራል።

አንድ ክረምት ጭንጫው መሬት ማረሻ ሁሉ ሰበረ፤
አባቴ አንገቱን አጎብጦ ትከሻ ጨመረ፤
ዳግመኛ አልተሰበረ።
ሰባት መንደር ወሰደው። ስሙን የጠየቀ የለም።
ዛሬ ቢሆን «ገበያው ሰፋ» ተብሎ ይሰመር ነበር በቀለም።

እዚህ መጥቶ አሥራ ስምንት ዓመት ካርቶን ጫነ፣ ቂርያት ጋት፣ ፋብሪካ፤
መዶሻ የሰጠው አልነበረም። እርሱም አልጠየቀም ለካ።

«ከአባቴ ጀምሮ» ብዬ ጻፍሁ። ሳጥኑ ቀላ።
«አራት አሃዝ ብቻ» አለኝ፤ ቁጥር እንጂ ቃል አይበላ።
ሰረዝሁት። ኮሌጁ የተከፈተበትን ዓመት ሞላሁ፤
አረንጓዴ ሆነ። አየሁት፣ ዝም አልሁ።

ግን ወደ «ልዩ ልዩ» ተመለስሁ በስተመጨረሻ፦
«መስፍ አንድ፣ ስምንት መቶ ሸቀል። አንድ መዶሻ።»

ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁ።
«ደርሶናል» አለ፣ «በአራት ወር እናሳውቃለን»፤ መብራት አጥፍቼ ወረድሁ።
ከደረጃው ሥር የሳልማ ጀሪካን ሊፈስ ደርሷል፤
ተሸክሜ ወጥቼ ዛፉ ሥር ደፋሁት፤ አፈሩ ፉት ሲል ይሰማል።

ነገ ኤፍራይም ይደውላል፤ «ለውሃ ሥራ መስፍ ምን ያደርጋል?» ይለኛል።
«ቁጭ በል» እለዋለሁ። «ይኼ ከሁለት መቶ ቃል ይበልጣል።»